ፒንሳ ያኘካት የፍሬን ቡሎን፣ ከ27 መልሶች ጋር

መነሻው የራሴ ጥፋት ነው። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ የጻፍኩትን ጥያቄ አሳጥሬ ልድገመውና የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው እነግራችኋለሁ። ቃል በቃል አልገለብጣቸውም። አንዳንዱ እንደ ደብዳቤ ይረዝማል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከስድብ ሌላ ምንም የለውም።

መኪናዬ በፈረንጆቹ 2003 የተሠራች ቪትዝ ናት። ፍሬን ስይዝ የፊት ቀኝ ጎማዋ መጮህ ከጀመረች ሰነበተች። ሸራ ማለቁ እንደሆነ ገብቶኛል (ሸራ ማለት ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ ጨምቆ የሚያቆመው ነው)፤ ሸራው ላይ ያለችው ቀጭን ቆርቆሮ ዲስኩን ስትነካ ነው እንደዚያ የምትጮኸው። ሶማሌ ተራ ሄጄ የፊት ሸራ ገዛሁ። ጋራዥ የሚጠይቀኝን አሰብኩና ራሴ ልሥራው አልኩ። ቪዲዮ አየሁ። ሰውየው በ20 ደቂቃ ጨርሶ እጁን ታጠበ።

እኔ ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ መኪናዋን በራሷ ክሪክ አነሳኋት። የኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አደረግሁ። ጎማው ወጣ። ካሊፐሩን፣ ማለትም ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀውን ብረት፣ የያዙት ሁለት ባለ 14 ቡሎኖችም ወጡ። እስከዚህ ድረስ ፏ ብዬ ነበር። ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ግን ወደ ውስጥ አልመለስ አለ። አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ፒስተኑ ካልገባ ካሊፐሩ አይገጥምም። አንድ ጎረቤት መጣና አየር ማውጫዋን ቡሎን ከፈት አድርጌ ብገፋው እንደሚገባልኝ ነገረኝ። የኔ መፍቻዎች ከ10 ቁጥር ነው የሚጀምሩት፤ ቡሎኗ 8 ናት። ፒንሳ ግን አለኝ። ያዝኳት፣ ተንሸራተተ። ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት፣ አሁንም ተንሸራተተ። በሦስተኛው ስድስት ጎን የነበራት ቡሎን ክብ ሆና አረፈችው። ሕፃን ልጅ ያኘከው እርሳስ ነው የምትመስለው። ይባስ ብሎ ሥሯ ላይ ዘይት ማርጠብ ጀመረ።

የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው። ይቺን ቡሎን በምን ላውጣት? ፍሬኑን ቤቱ የሚሠራ ሰውስ የግድ የትኞቹ መሣሪያዎች ያስፈልጉታል?

መልስ 1። በጣም ጨዋ ሰው ነው። ስለ ቡሎኗ ሳያነሳ በፊት መኪናዋ አሁንም ክሪክ ላይ እንደሆነች ጠየቀኝ። ነበረች። አሮጌውን ሸራ መልሼ፣ ጎማውን አስሬ አሁኑኑ እንዳወርዳት ለመነኝ ማለት ይቀላል። ከመኪና ጋር የሚመጣው ክሪክ ጎማ ለመቀየር ብቻ ነው የተሠራው። ሥራ የሚጀመረው ከሥር የብረት ስታንድ ገብቶ መኪናው እሱ ላይ ከተቀመጠ በኋላ መሆኑን አስረዳ። ብሎኬት ስታንድ አይሆንም፤ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። እኔ ስለ አንዲት ቡሎን ሳስብ እሱ ስለኔ እግር ሲጨነቅ አፈርኩ። ወርጄ የተባልኩትን አደረግሁ።

መልስ 2። እዚህ ጋሼ የምንላቸው አሉ፤ ዕድሜያቸውን በመካኒክነት ያሳለፉ ሰው። እሳቸው በትዕግሥት ነው የጻፉት። አየር ማውጫ ቡሎን ውስጧ ባዶ ነው፤ ዘይቱ የሚወጣው በመሃሏ ነው። ቧንቧ እንጂ ሙሉ ብረት ስላልሆነች ጉልበት አትችልም። ፒንሳ ደግሞ ሁለት ቦታ ብቻ ነው የሚነክሳት። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ 12 ጥርስ መፍቻም ጫፍ ጫፏን ስለሚይዝ ያው እንደ ፒንሳው ያኝካታል። ለእሷ የሚሆናት ባለ 6 ጎን ቡሶላ (ቡሎን ላይ እንደ ቆብ የሚጠልቀው መፍቻ) ነው፤ ስድስቱንም ጎን ሙሉ በሙሉ ያቅፋታል።

አንዴ ከተበላች ደግሞ እንዲህ ነው ያሉት። ዙሪያዋን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭቶ ማሳደር። ጠዋት በትንሽ መዶሻ አናቷን ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ፤ ጥርሱን የያዘው ዝገት የሚሰበረው በዚህ ነው። ከዚያ አንድ ቁጥር የሚያንስ ባለ 6 ጎን ቡሶላ፣ በኔ ጉዳይ 7 ቁጥር፣ በመዶሻ አስገድዶ ማስገባትና መፍታት። እሱም እንቢ ካለ ነክሶ የሚቆለፈው ፒንሳ የመጨረሻው ነው። ውስጥ ከተሰበረች ግን ሥራው ከኔ እጅ ወጥቶ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ ወይም ያገለገለ ካሊፐር ፍለጋ ይጀመራል። ያቺ ከጣት የማትረዝም ቡሎን።

መልስ 3። መጀመሪያውኑ ለምን እንደከፈትኳት ነው የጠየቀው። የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቶ፣ በሲሪንጅ ትንሽ ቀንሶ፣ ፒስተኑን በአናጢ ማጥበቂያ ሞርሳ ቀስ እያሉ መግፋት ይበቃ ነበር። አሮጌው ሸራ ፒስተኑ ላይ ይደረግና ሞርሳው እሱን ይገፋል፤ ግፊቱ እኩል ይከፋፈላል። እውነት ለመናገር ይሄን ሳነብ ግንባሬን መታሁ።

መልስ 4። 3ኛውን ይቃወማል፣ ግን በአክብሮት። ካሊፐር ውስጥ የቆየ ዘይት ቆሻሻ አለው፤ ወደ ኋላ ሲገፋ ቆሻሻው የሚሄደው ወደ ኤቢኤሱ፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ ወደሚያደርገው ክፍል ነው። ስለዚህ አየር ማውጫውን ከፍቶ ቆሻሻውን ወደ ውጭ ማስወጣት ይመርጣል። ኤቢኤሱ ሲበላሽ ከካሊፐር ብዙ እጥፍ ያስወጣል። በዚህ ሁለቱ ሲከራከሩ ብዙ መስመር ሄዷል። የኔ አስተያየት ከተፈለገ፦ 4ኛው ልክ ነው፤ ግን ትክክለኛው መፍቻ ላለው ሰው ብቻ ነው ልክ የሚሆነው። 8 ቁጥር ለሌለው ሰው 3ኛው ይሻለዋል።

መልስ 5። ከሁሉም የወደድኩት ይሄን ነው። ጎጃም መስመር ዶልፊን ሚኒባስ ይነዳ የነበረ ሰው ነው። ሸራ የሚቀይረው ራሱ ነበር፤ ፒስተን የሚገፋው ደግሞ በትልቅ ካቻቪቴ። አንድ ቀን ካቻቪቴው ሸርተት ብሎ ፒስተኑ ዙሪያ ያለችውን ስስ ጎማ ቀደዳት። ቅዷ የጣት ጥፍር አታክልም። ምንም አይደል ብሎ ዘጋው። ክረምቱ አለፈ። በቀዳዳው ውኃና ጭቃ ገብቶ ፒስተኑን አዛገው። ፒስተኑ ሲረገጥ ይወጣል፣ ሲለቀቅ ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሸራው ዲስኩን እየፋቀ መንገድ ለመንገድ ይሄዳል።

ይሄ ሜዳ ላይ አይታወቅም። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ሲወረድ ግን ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ አንደኛው ጎማ የተቃጠለ ጎማ መሽተት ጀመረ። ከጥቂት ኩርባ በኋላ ፔዳሉ ለሰስ አለ። ቀጥሎ ወለሉን ነካ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ከዚያ በአንደኛ፣ ከእጅ ፍሬን ጋር ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቶ አቆማት። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ድንጋይ ጎማ ሥር ሲከቱ ጎማው ላይ ውኃ ሊደፋ የሮጠ አንድ ወጣት ነበር። እሱን ጮኾ አስቆመው፤ የጋለ ዲስክ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያገኝ ይሰነጠቃል።

ምን እንደተፈጠረ ኋላ ነው የገባው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም ተብሎ ነው የሚሠራው፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ልኩ ወደ 140 ይወርዳል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ይጨመቃል፣ ዘይት አይጨመቅም። እግሩ የረገጠው እንፋሎቱን ነበር። በካቻቪቴ የተቀደደች ጎማና ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት አንድ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ካቻቪቴ ለፒስተን ያነሳ ሰው ሲያይ ይንቀጠቀጣል።

መልስ 6። አጭርና ስለታም። እንደኔ ያለ ሰው ነው ሰው የሚገድለው። ፍሬን መጫወቻ ስላልሆነ ለባለሙያ እንድተው፣ ሌላ መኪናና ሌላ ሰው መንገድ ላይ እንዳለ እንዳስብ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ከ5ኛው በኋላ ስለመጣ ይሁን አላውቅም፣ ልመልስለት ጀምሬ ተውኩት።

መልስ 7። ለ6ኛው ነው የመለሰው፤ በእጥፍ። ባለሙያ የሚባለው ራሱ በምን እንደሚፈታ ቆሞ አይቶ እንደሆነ ጠየቀው። እሱ መኪናውን ወስዶበት የነበረ ጋራዥ ውስጥ (ስሙን አልጠራም) ረዳቱ ካሊፐሩን ፈትቶ ዘይት በሚያመጣለት የጎማ ቱቦ አንጠልጥሎት ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ያ ሁሉ ብረት በቱቦዋ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ቱቦዋ ከውጭ ደህና ትመስላለች፤ ከውስጥ ግን ልትቀደድ ትችላለች። ሽቦ ቆርጦ ካሊፐሩን ከሱስታው ጋር ማሰር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ስለዚህ ቤቱ በትክክለኛ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ግዴለሽ ባለሙያን ያስንቃል ባይ ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ግን በዚያ አነጋገር ማን ይሰማማል።

መልስ 8። ከአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ። እዚያ ትልልቆቹ የመለዋወጫ ሱቆች መሣሪያ ያውሳሉ። ማስያዣ ትከፍላለህ፣ ስትመልስ ገንዘብህ ይመለሳል። የፒስተን መግፊያውን፣ የቡሎን ማጥበቂያ መለኪያውን ሁሉ በዚህ መንገድ ነው የሚጠቀመው። አንድ ጠቃሚ ነገርም ጨመረ፦ የእጅ ፍሬኑ ካሊፐሩ ውስጥ ያለ መኪና የኋላ ፒስተኑ ተገፍቶ አይገባም፣ እየዞረ ነው የሚገባው። ይሄን ሳያውቅ በሞርሳ የገፋ ሰው ካሊፐሩን ይሰብረዋል። ለእሱ የሚሆነው ጥርስ ጥርስ ያለው ማዞሪያ ነው።

መልስ 9። ተውሶ የሚመለስበት አገር መኖር እንዴት ደስ ይላል የሚል ነገር፣ በምጸት። እዚህ መፍቻ ያዋስከው ጎረቤት ሁለተኛ በርህን አያንኳኳም። ብዙ ሳቅ አግኝቷል።

መልስ 10። የቨርጂኒያው ተመለሰ፤ ትንሽ ከፍቶታል። እዚያም ገነት እንዳይመስለን። የሚኖርበት አፓርታማ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና መጠገን ክልክል ነው፤ ጎማ ሲያወልቅ ካዩት ማስጠንቀቂያ በር ላይ ይለጠፍበታል። ስለዚህ ቅዳሜ በሌሊት ዘመድ ቤት ግቢ ሄዶ ነው የሚሠራው። በዓመት አንዴ ደግሞ የግዛቱ ምርመራ አለ፤ ፍሬኑ ካላለፈ ስቲከር የለም። እንደኛ ቦሎ መሆኑ ነው።

መልስ 11። የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ ናት። ከውይይቱ ሁሉ አዲስ ነገር የተማርኩት ከእሷ ነው። ሁሉም ስለመፍታት ሲያወራ እሷ ስለማጥበቅ አነሳች። ለአብዛኞቹ የቶዮታ የቤት መኪናዎች የጎማ ዳዶ የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው (የመጠምዘዣ ጉልበት የሚለካበት ነው)። ካሊፐሩን የሚይዙት ባለ 14 ቡሎኖች ግን 34 አካባቢ ብቻ ናቸው። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ነው፤ እኛ ግን ሁሉንም በአንድ ጉልበት እናጠብቃለን።

መለኪያ መፍቻ ለሌለው ሰው ስሌቱን ሠርታ አሳየች። ግማሽ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ያህል ብትጫን 103 ይሆናል። 20 ሳንቲ ሜትር በሆነች መፍቻ ደግሞ 17 ኪሎ ያህል ስትስብ 34 ትደርሳለች። 17 ኪሎ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ የሻንጣ ሚዛን መፍቻው ጫፍ ላይ አስሮ መሳብ ይቻላል አለች። ሻንጣ ሚዛን! ዱባይ የሚመላለስ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ አለ። እሷም ብትሆን ይሄ የግምት ዘዴ እንጂ የመለኪያ መፍቻ ምትክ አለመሆኑን አስምራበታለች።

መፍቻው ላይ ቧንቧ ቀጥሎ በእግር ቆሞ ማጥበቅ ለምን መጥፎ እንደሆነም ነገረችን። አንዱ ዳዶ በጣም ጠብቆ ሌላው ከላላ ዲስኩ በትንሹ ይጣመማል፤ ከጊዜ በኋላ ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። እኛ ሸራው መጥፎ ነው እያልን ሸራ እንቀይራለን። ዳዶ የሚጠብቀው በዙሪያ ሳይሆን በፊት ለፊት እየተሻገሩ ነው።

መልስ 12። ቁጥሮቹ ለሁሉም መኪና እንዳይወሰዱ አስጠነቀቀ። ሒሉክስ ሌላ ነው፣ ኮሪያ ሠራሽ ሌላ ነው። የመኪናውን መጽሐፍ ማየት ነው። አሠልጣኟም አመሰገነችው። እንደዚህ ያለ እርማት ከ6ኛው መልስ በኋላ ማየት ደስ ይላል።

መልስ 13። እዚህ ላይ ውይይቱ ተበላሸ። አንዱ መጥቶ የፍሬን ዘይት ካጣሁ የሞተር ዘይት በጥቂቱ ብጨምር ለጊዜው እንደሚያዘልቅ መከረኝ። ክፍለ ሀገር እንደዚያ አድርጎ ቤቱ መግባቱን በኩራት ነው የነገረን።

ከመልስ 14 እስከ 16። ሦስቱም ተረባረቡበት። አንዱ ሰድቦታል፤ አልደግመውም። ሁለቱ ግን ምክንያቱን ተናገሩ። የፍሬን ሲስተም ውስጥ ያሉት ጎማዎች የነዳጅ ዘር ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ። የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ ተራ ግሪስ ሁሉም አንድ ናቸው። ያን ቀን ቤት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳል ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ማስተር ሲሊንደር እስከ አራቱ እግር ያለው የፍሬን ጎማ ሁሉ ተቀያሪ ነው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ዘንጎችም የሲሊኮን ግሪስ እንጂ የኩሽኔታ ግሪስ አይቀቡም። እዚህ ጋ ዝም ብዬ ነበር፤ ምክንያቱም ቅዳሜ ዕለት ካሊፐሩን በቤንዚን ነበር ያጠብኩት። አሁን ተናዘዝኩ። ጎማ ያለበት ቦታ በፍሬን ማጽጃ ወይም በአልኮል ነው የሚጸዳው፤ የፍሬን ዘይት ራሱ ደግሞ ቀለም ስለሚልጥ ቦዲው ላይ ከፈሰሰ ቶሎ በውኃ ማጠብ ነው።

መልስ 17። ስለ አቧራው። ጎማ ሲወልቅ ያለውን ጥቁር ዱቄት በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር እፍ ማለት የሁላችንም ልማድ ነው። ሸራው አስቤስቶስ ካለበት ያ ዱቄት ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ካንሰርም ያመጣል። በሳሙና ውኃ ረጭቶ በጨርቅ መጥረግ ምንም አያስወጣም። ማንም አልመለሰለትም። ከሁሉም ቀላሉና ቸል የተባለው ምክር ይሄ ይመስለኛል።

ከመልስ 18 እስከ 20። ከርዕስ ወጡ። አንዱ ሶማሌ ተራ ኦርጅናል ሸራ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። ሌላው ኦርጅናል የሚለው ጽሑፍ ራሱ ለብቻው እንደሚታተም ነገረው። ሦስተኛው የድሮ ላዳ ፍሬን በአንድ መዶሻና በአንድ መፍቻ ያልቅ እንደነበር ተረከ፤ ናፍቆቱ ያሳዝናል። ከአንድ ፎቶ በቀር የሚጠቅም ነገር የለውም። ፎቶው ዲስክ ጠርዝ ላይ የተጻፈውን ትንሹን የውፍረት ልክ ያሳያል። ዲስኩ ከዚያ ቁጥር ከሳሳ አዲስ ሸራ ብትጭንበትም ዋጋ የለውም፤ መለኪያው ደግሞ ካሊበር ነው እንጂ ዓይን አይደለም።

መልስ 21። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከቆመ ወዲህ ይሄ ሁሉ የሽማግሌ ወሬ ነው አለ፤ እሱ ኤሌክትሪክ ነው የሚነዳው። ሞተሩ ራሱ የመኪናውን ፍጥነት ስለሚቀንስለት ሸራው ቶሎ አያልቅም። እውነት ነው፤ ግን ፍሬኑ ብዙ ስለማይሠራ ይዝጋል፣ ዘንጎቹም ይይዛሉ። ብዙዎቹ የእጅ ፍሬናቸው በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ የኋላውን ፒስተን ለመመለስ መጀመሪያ በኮምፒውተር የጥገና ሁኔታ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። በሞርሳ በግድ የገፋው ሰው የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ሞተር ይሰብራታል። የሽማግሌ ወሬ ያለውን ሰው አንዱ የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪና አይዲ 4 የኋላ ፍሬኑ ምን እንደሆነ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። ታምቡሮ ነው፤ በዲስክ ፈንታ እንደ ከበሮ ያለ ብረት ያለው። ልክ እንደኔዋ ቪትዝ።

መልስ 22። ታምቡሮ ሲነሳ ከሐዋሳ አንዱ ብቅ አለ። የኋላ ታምቡሮው አልወጣ ብሎት ጠርዙን በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ውሎ ጠርዙ ተሸርፏል።

መልስ 23። ጋሼ መለሱለት፤ ትንሽ ቆጣ ብለው። መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ። ከዚያ ታምቡሮው ፊት ላይ ትንንሽ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ለጌጥ አይደሉም። ሁለት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን አስገብተህ አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያንን ሩብ ሩብ ዙር እያጠበቅህ ስትሄድ ታምቡሮው ራሱ እየገፋ ይወጣል። መዶሻ አያስፈልግም። ሐዋሳ ያለው ልጅ ሌላ አልጻፈም፤ ቀዳዳዎቹን እያያቸው ይመስለኛል።

መልስ 24። ይሄ የኔ ነው። ሰኞ ማታ ዘይቱን ረጨሁ፤ ማክሰኞ ጠዋት ደገምኩ። ስታንድ ከታክሲ ባለንብረት ጎረቤቴ ተዋስኩ (9ኛው ይስማ፣ መልሻለሁ)። 7 ቁጥር ባለ 6 ጎን ቡሶላ ገዛሁ። ቡሎኗ አናት ላይ አስቀምጬ በመዶሻ መታሁት፤ የተበላውን ብረት እየላጨ ገባ፤ ቀጭን የሚያብረቀርቅ ጠጉር የመሰለ ብረት ወደ ጎን ወጣ። እጄ ላይ ጉልበት አልጨመርኩም። ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ ከዚያ ወደ መፍታት። ጢቅ አለች። ልቤ ቆመ፤ የተሰበረች መስሎኝ። አልተሰበረችም፣ ለቀቀች።

አዲስ ቡሎን ገጠምኩ። ፒስተኑን በሞርሳ፣ በአሮጌው ሸራ ላይ፣ በቀስታ መለስኩት። ከፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦ ገዝቼ አንዱን ጫፍ አየር ማውጫዋ ላይ፣ ሌላውን ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ዘይት አድርጌ አጠለቅሁት። እህቴ መሪው ጋ ተቀመጠች። ስላት ትረግጣለች፣ ይዛ ትቆያለች፣ እኔ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ከዚያ ትለቃለች። ሳልዘጋ ከለቀቀች አየር ወደ ኋላ ይስባል። መጀመሪያ የወጣው ዘይት ቡና ነበር የሚመስለው። ከዚያ ሻይ ሆነ። ከዚያ ጥርት ያለ ቢጫ፣ አረፋ የሌለው። በየአምስት ርግጫው ማጠራቀሚያውን እየሞላሁ።

መልስ 25። ጋሼ እንኳን ደስ ያለህ ሳይሉ ፔዳሉን ረግጬ እንደሆነ ጠየቁ። ሸራ ከተቀየረ በኋላ ፒስተኑ ወደ ውስጥ ስለተገፋ የመጀመሪያው ርግጫ ወለል ይነካል። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ቆሞ እስኪጠነክር ደጋግሞ መርገጥ ነው። ዘይት ሲወጣባት የነበረችው ቡሎን ዙሪያ ደረቅ መሆኑንም ፔዳሉን አስረግጬ እንዳይ አሉ። ሁለቱንም አድርጌያለሁ አልኳቸው። ጥሩ አሉ፤ ከእሳቸው ጥሩ የሚል ቃል ብዙ ነው።

መልስ 26። ፔዳሉን ሳይረግጥ የተነሳ ሰው። ወደ ኋላ ወጣ፣ ፍሬን ያዘ፣ ምንም የለም። የጎረቤቱ ቆርቆሮ በር ላይ ነው ያረፈው። በሩን አሠርቶ ይቅርታ ጠይቋል፤ ጎረቤትየው ግን እስከ ዛሬ መኪናውን ሲያስነሳ ልጆቹን ወደ ቤት ይጠራል።

መልስ 27። ስለ ላዳ የእጅ ፍሬን ገመድ ይጠይቃል። እስካሁን የመለሰለት የለም።